ይቅርብኝ የተባለው ውሻ

አክስቴ ለውሻዋ ያወጣችለት ስም ለወንድሟ የተላከ ስድብ ነበር። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ የማያውቀው ውሻው ብቻ ይመስለን ነበር።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም ነው የምትሰፋው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰማያዊ ሱሪ፣ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ነጭ ሸሚዝ። በእሷ እጅ የተሰፋ ሱሪ ለብሰው የተማሩ ሰዎች ዛሬ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ። ልጁን ስትለካ የአባቱን ወገብ ታስታውሳለች። «አባትህም በዚህ ዕድሜው ሱሪ ወገቡ ላይ አይቆምለትም ነበር» ትላለች፣ አባትየው እዚያው ቆሞ እየሰማ። አላገባችም። ለምን እንዳላገባች የጠየቋት ሰዎች አሉ፤ ሁለተኛ ግን አልጠየቁም።

የምትኖረው አያቴ ለእሷና ለታላቅ ወንድሟ በተወችላቸው ቤት ነው። እናቴ የሁለቱ ታናሽ ናት፤ ቀድማ አግብታ ስለወጣች ከቤቱም ከጠቡም ተርፋለች። አጎቴ አናጺ ነው። ከአክስቴ ጎን ያለውን ክፍል የእንጨት ሥራ ቤት አድርጎት፣ ከጠዋት እስከ ማታ የመላጊያ ማሽኑን ሲያስጮህ ይውላል። ከዚያ ማሽን ጋር ሃያ ዓመት ኖሮ ጆሮው ደክሟል። ግራው ጨርሶ አይሰማም። ቀኙ ደግሞ የፈለገውን ብቻ ነው የሚሰማው ትላለች እናቴ።

ሁለቱ ሆድና ጀርባ የሆኑት አያቴ የሞተች ጊዜ ነው። አጎቴ ያን ሰሞን ራቅ ያለ ከተማ ሄዶ የትምህርት ቤት ጣሪያ ይሠራ ነበር። አያቴ ሕመሙ ሲጠናባት «ሥራውን አታስጥሉት» አለች። አክስቴም አልደወለችለትም። እሱ የደረሰው ከተቀበረች በማግስቱ ነው። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እናቴን የሰረቅሽኝ አንቺ ነሽ!» አላት። አክስቴ ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ያስታመመች ሰው ናት። ብድግ አለችና፣ «እንዳንተ ያለ ወንድም ይቅርብኝ!» አለችው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሁለቱም ያሉትን አሉ፣ ሰውም ሰማ።

በሳምንቱ አጎቴ ቤቱን ከመሀል በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፈለው። በአንድ ቀን ነው የሠራው፣ በንዴት። ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ጠማማው ያ ግድግዳ ነው፤ ከላይ በኩል እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለቱ ፖስተኛ ሆንኩ። «ለአጎትሽ ንገሪው፣ ሰጋቱራው ነጭ ሸሚዜ ላይ እየገባብኝ ነው።» «ለአክስትሽ ንገሪያት፣ ሰጋቱራ የሚታዘዘው ለነፋስ ነው።» ሁለቱም የሚናገሩት እየጮሁ ስለሆነ መልእክቱ ከእኔ ቀድሞ ይደርስ ነበር፤ ቢሆንም እኔ ካላደረስኩት አይቆጠርም።

አያቴ ከሞተች በኋላ የአክስቴ ክፍል ጭር አለ። የስፌት መኪናዋን ስታናግር ሁለት ጊዜ ያዝኳት። አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ ብዬ መጀመሪያ ዓሣ ገዛሁላት። ሁለት ቀያይ ዓሦች፣ ከነመስታወት ገንዳቸው። ሻጩ «መንፈስ ያረጋጋሉ» ብሎኝ ነበር። አክስቴ ሳምንት ሙሉ ስታያቸው ከረመችና፣ «አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ አንድ ቁም ነገር አይወጣቸውም። እንዲህ ያለ ዘመድ ሞልቶኛል» አለች። ዓሦቹ ወደ እናቴ ተዛወሩ። እናቴ እስካሁን ከሥራ ስትመለስ ፊታቸው ተቀምጣ ግማሽ ሰዓት ሳትናገር ትቆያለች፤ እሷን ለሚያውቅ ይህ ተአምር ነው።

ቀጥሎ ድመት አመጣሁ። ንጹሕ፣ ሥርዓት ያላት፣ ኩሩ ድመት ነበረች። ጭን ላይ ተኝታ ስታንኮራፋ ከስፌት መኪናው ድምፅ ጋር ስለሚገጥም አክስቴ ወደደቻት። ችግሩ ድመቷም የተተኮሰ ልብስ ትወድ ነበር። ሰማያዊው ሱሪ ሞቅ እንዳለ ሲደረደር ከላይ ወጥታ ትተኛለች። አንድ አባት ነጭ ጸጉር የለበሰ ሱሪ ይዞ መጥቶ፣ «ልጄ አንደኛ ክፍል ሳይገባ ሸበተ እንዴ?» አለ። አክስቴ በሩን ብትዘጋባት በመስኮት ገባች፤ ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ። በመጨረሻ ጥግ ላይ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ወሰዳት። ዱቄቱ ላይ ትተኛለች፣ እሷም ነጭ ዱቄቱም ነጭ፣ ማንም አያጉረመርምም።

ውሻው የመጣው በትምህርት ቤቱ ጥበቃ የኮት ኪስ ውስጥ ነው። ጥበቃው የዩኒፎርም ጥቅል ሊወስድ መጥቶ ቡችላውን አወጣና መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አንድ ጆሮው ቆሟል፣ አንዱ ወድቋል። እኔ ጥግ ላይ ቁልፍ እየተከልኩ ነበር።

«ይውሰዱት እትዬ፣ ጥሩ ጓደኛ ይሆንዎታል» አላት።

«ይቅርብኝ!» አለች አክስቴ ጮክ ብላ። «ድመቷ የሠራችኝ መቼ አነሰና!»

ይህን ስትል ከግድግዳው ወዲያ የመላጊያው ማሽን ቀጥ አለ። አክስቴ ቀና አለች። ያ ማሽን ለደንበኛ አይቆምም፣ ለምሳም ስንት ጊዜ ተለምኖ ነው። ለእሷ ቃል ግን ቆመ። ከዓመት በፊት የወረወረችው ቃል ዛሬም እንደሚወጋው ገባት። እንዲህ ስል አዝናለሁ፣ ግን ደስ አላት።

«ተወው እዚህ» አለችው ጥበቃውን። «ስሙ ይቅርብኝ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሥራዋን ስትጨርስ ምግቡን በሳህን ታደርግና ግድግዳው ሥር ቆማ፣ አንገቷን ወደ ክፍተቱ ሰቅላ ትጣራለች። «ይቅርብኝ! ና! ና ብላ!» ውሻው እግሯ ሥር ነው ያለው። እንኳን ሊጠራ፣ ሳህኑ ሳይቀመጥ ጀምሯል። እሷ ግን ሁለት ሦስቴ ሳትጣራ አታቆምም።

ስለ ውሻው ግን እውነቱን ልናገር። በክፋት የተሰየመ ውሻ እንዲህ ያለ ደግ ነገር ይዞ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። አክስቴ መኪናው ላይ ካቀረቀረች በር ቢሰበር አትሰማም፤ ደንበኛ ሲያንኳኳ እሱ ሄዶ የቀሚሷን ጫፍ በጥርሱ ይጎትታል። ጉልበቴን አመመኝ ብላ ከሱቁ አልፋ የማትሄደው ሴት በእሱ ምክንያት ጠዋት ጠዋት መንገድ መውጣት ጀመረች፤ አልወጣም ስትል በሩ ላይ ተቀምጦ ዓይን ዓይኗን ያያታል፣ እሷም እየተራገመች ጫማዋን ታጠልቃለች። መንገድ ላይ ደግሞ ውሻ የያዘን ሰው ሰላም ሳይል የሚያልፍ ማን አለ? ዓመት ያላነጋገሯት ጎረቤቶች የወደቀውን ጆሮ እየዳሰሱ ወሬ ያነሱላት ጀመር። አንድ ቀን ስገባ ስለ አያቴ ስትነግረው ደረስኩ፤ ለእኔ አንድም ቀን ያልነገረችኝን። ሳቅ አልኩ።

«ምን ያስቅሻል?» አለችኝ። «ሰው ስትነግሪው መልስ ያዘጋጃል። ይሄ ይሰማል፣ በቃ።»

የአጎቴን ትዕግሥት ግን አደንቅ ነበር። አራት ዓመት በየማታው በውሻ ስም እየተሰደበ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መቀመጡ ለእኔ ትልቅነት ነበር። ጎረቤቱም አፍሮ አንድ ቀን ነገሩን አላነሳበትም።

ውሻው የጠፋው ትምህርት ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ያን ሰሞን የአክስቴ በር አይዘጋም፤ አንዱ ሊለካ ይገባል፣ አንዱ ለብሶ ይወጣል። ረፋድ ላይ አንድ የጭነት መኪና በሩ ፊት ሲያልፍ ጎማው ፈነዳ። እኛ ደንግጠን ደረታችንን ስንይዝ ውሻው በሰው እግር መሀል ሾልኮ ወጣ። አክስቴ መርፌውን ኮሌታው ላይ እንደሰካች ተነሣች፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ። እኔም ተከተልኳት።

በዚያ ስም ውሻ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ገባን።

«ይቅርብኝ! ይቅርብኝ!»

«ምኑ ነው የሚቀርብሽ እታለም?» አለች አትክልት ሻጯ። «ቲማቲሙ ትኩስ ነው።»

የሚኒባሱ ረዳት ደግሞ በሩን ከፍቶ ሲጠብቃት ቆይቶ፣ «ካልፈለጉ ይቅርብዎት እማማ፣ ምን ያስጮኽዎታል?» ብሎ ዘጋው። ሌላ ቀን ቢሆን አክስቴ ለሁለቱም የሚገባቸውን ትሰጣቸው ነበር። ያን ቀን ዞራም አላየቻቸው። ከዳቦ ቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ፣ ከትምህርት ቤቱ እስከ ገበያው ዞርን። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ድምፅዋ መጀመሪያ ሻከረ፣ ከዚያ ተሰነጠቀ፣ ኋላ ልቅሶ ገባበት። አክስቴ ስታለቅስ ከአያቴ ቀብር ወዲህ አላየኋትም።

«እሱም ከሄደ እኔ ምን ቀረኝ?» አለች። ይህን ያለችው ለእኔ አይመስለኝም።

ዞረን ዞረን ቤቱ ፊት ስንደርስ የመጨረሻ ኃይሏን አሰባስባ ተጣራች። «ይቅርብ...ኝ! ና! ኧረ ና!»

የመላጊያው ማሽን ቆመ። የሥራ ቤቱ በር ተበርግዶ አጎቴ ወጣ፤ ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ። አምስት ዓመት ሳያናግራት የኖረ ሰው ቀጥ ብሎ መጥቶ ሁለት ትከሻዋን ያዛት።

«በቃ!» አለ። «በቃሽ እህቴ! በሰው ፊት አትለምኚኝ። ይቅር ብዬሻለሁ!»

አክስቴ እንባዋን በሜትሩ ጫፍ ጠረገች።

«አራት ዓመት ሙሉ በየማታው ግድግዳው ሥር ቆመሽ ‹ይቅር በለኝ፣ ና፣ ና ብላ› ስትዪኝ እሰማለሁ» አለ አጎቴ። «ሳህኑ ሲቀመጥም እሰማለሁ። ደረቅ ዳቦዬን እያኘክሁ ‹ነገ እሄዳለሁ› እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ ኩራቴ ይይዘኛል። ይኸው መንገድ ላይ አስወጣሁሽ። እኔን ይቅር በይኝ እንጂ አንቺስ ለምነሻል።»

ይቅርብኝ። ይቅር በለኝ። በደከመ ጆሮና በኮምፔንሳቶ አልፈው ሲሄዱ ምን ይለያቸዋል? ውሻው ወንድ፣ አጎቴ ወንድ፤ «ና»ውም «ብላ»ውም ለሁለቱም ይሆናል። አክስቴ አራት ዓመት ስድብ ስትልክ ወዲያ ማዶ የሚደርሰው እርቅ ነበር። እኔ ያደነቅሁት ትዕግሥትም ትዕግሥት አልነበረም፣ ጸጸት ነበር።

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ «ትንፍሽ ትዪና አፍሽን እሰፋዋለሁ» ይላል።

«ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው ታዲያ?» አላት አጎቴ።

«ውሻዬ ጠፋብኝ፣ ወንድም ጋሼ» አለች። ከጠቡ ወዲህ ወንድም ጋሼ ስትለው የሰማሁት ያኔ ነው፤ እሱም ሰማ፣ በቀኙ ጆሮ።

«እንፈልገዋለና! ማን ትዪዋለሽ ስሙን?»

አክስቴ መሬት መሬት አየች። «ስም የለውም። ውሻ ነው የምለው።»

አጎቴ ግራ ቢገባውም አልተከራከረም። ከፊት ከፊት እየሄደ «ውሻ! ውሻ!» እያለ ይጣራ ጀመር፣ እንደ መስማት የተሳነው ሰው ጮክ ብሎ። የሰፈሩ ውሾች በሙሉ ወጡ፣ ከሚፈለገው በቀር። አክስቴ አንዴም አልተጣራችም። ከንፈሯን ነክሳ ትከተለዋለች። ልቧ ሁለት ቦታ እንደተከፈለ ታስታውቃለች፤ ወንድሟን ያገኘችው በውሸት ነው፣ ውሻዋን የምታገኘው በእውነቱ ብቻ ነው።

የፍሳሽ መስመር የሚቀበርበት መንገድ ላይ አንድ ሠራተኛ አስቆመን። «ጆሮው የወደቀ? እዚያ ቱቦ ውስጥ ገብቷል፤ ብንለው ብንሠራው አልወጣም።» ከተደረደሩት የሲሚንቶ ቱቦዎች በአንደኛው መሀል፣ ጨለማው ውስጥ፣ ሁለት ዓይኖች ያበራሉ። ክሬኑ ከላይ ቆሟል፣ ሰንሰለቱም ቱቦው ላይ ታስሯል። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ፎርማኑ፣ ሞተሩን አላስጠፋም። ሁለት ጣቱን አሳየን፤ ሁለት ደቂቃ።

አጎቴ በሆዱ ተኝቶ ጭንቅላቱን አስገባ። «ውሻ! ና ውሻ!» ውሻው ይብስ ወደ ኋላ ሸሸ። ዳቦ ጣልን፣ አፏጨን፣ አጨበጨብን። አንድ ደቂቃ ሄደ። እኔ ስሙን ልጠራ አፌን ስከፍት አክስቴ እጇን አፌ ላይ ጫነችው።

«ተይው» አለች። «የእኔ ነው።»

ሹክ ብትለው ይበቃ ነበር፤ ሞተሩ ግን አያሰማም። ወንድሟን አየችው፤ እሱ ከቱቦው አፍ ላይ እንደተንበረከከ ነው፣ ቀኝ ጆሮው ወደ እሷ። የተቆረጠ ልብስ ተመልሶ እንደማይቀጠል የምታውቅ ሴት ናት። ጎንበስ አለችና ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

«ይቅርብኝ! ና! ና ብላ!»

ውሻው በሆዱ እየተሳበ ወጣ። እየተንቀጠቀጠ ደረቷ ላይ ተለጠፈ፣ እሷም ሜትሩን ጨምራ አቀፈችው። ፎርማኑ እጁን አነሣ፣ ቱቦው ተነሥቶ ሄደ፣ ሞተሩም ራቅ አለ። አጎቴ ግን ከተንበረከከበት አልተነሣም።

«ስሙ ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«ስሙ ነው።»

«ይቅር... ምን?»

«ይ፣ ቅር፣ ብኝ» አለችው አንድ በአንድ።

«ና ብላውስ?»

«እሱም ለውሻው ነው።»

አጎቴ ውሻውን አየው። ለአራት ዓመት የተጸጸተበትን፣ ደረቅ ዳቦ ያኘከበትን ሁሉ የሚያስብ ይመስላል። ከዚያ ተነሣ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ወደ ቤት አቅጣጫ ፊቱን አዞረ። አለቀ አልኩ በልቤ። ከእንግዲህ ግድግዳውን በብሎኬት ነው የሚሠራው።

አክስቴ ውሻውን ለእኔ ወረወረችልኝ ማለት ይቻላል። ሮጣ እጅጌውን ያዘችው፣ ተንጠራርታም አፏን ወደ ቀኝ ጆሮው አስጠጋች። የተናገረችውን የሰማሁት ለእሱ እንዲሰማ ስለጮኸች ነው።

«ያኔ ልጠራህ ይገባኝ ነበር! እማዬ አትጥሩት ብትልም፣ ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። አየሁ! ሦስት ወር እኔ አስታምሜ አንተ ስትገባ አንተን ብቻ ታያለች ብዬ ነው ያልጠራሁህ። ቅናት ነው። አምስት ዓመት ‹እሷ ናት ያለችው› እያልኩ የኖርኩት ለዚህ ነው። ውሸቴን ነው። ይቅር በለኝ!»

ሠራተኞቹ አካፋቸውን ይዘው ቆሙ። ውሻው እቅፌ ውስጥ ሆኖ በአንድ ጆሮው ያዳምጣል። ከዚያ አጎቴ ዞረ፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ግን ትንሽ ነገር ትንቀሳቀሳለች።

«ውሻውን ነው እኔን?» አላት።

«አንተን ነው!» አለች አክስቴ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «አንተን፣ ወንድም ጋሼ!»

«እንግዲያው ሰምቻለሁ» አለ።